ክራክ ደ ሸቫሊዬ፦ «የማይደፈረው» ግንብ እንዴት ተያዘ?

ጥያቄው፦ «ሶርያ ውስጥ ተራራ ላይ ያለውን ክራክ ደ ሸቫሊዬ የሚባል ግንብ በቪዲዮ አየሁት። ተራኪው መጀመሪያ ‹የማይደፈር› ይለዋል። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ በ1271 ሱልጣን ባይባርስ ያዘው ይላል። የማይደፈር ከሆነ እንዴት ተያዘ? አንዱ ግንብ በሌላው ውስጥ የተሠራውስ ለምንድን ነው? የእኛ የጎንደር ግንቦች ከዚህ ጋር ዝምድና አላቸው?»

አጭሩን መልስ ላስቀድም። ውጪኛው ቅጥር ተሰብሯል። ውስጠኛው ግን በጉልበት አልተሰበረም፤ ተከላካዮቹ ራሳቸው በሩን ከፍተው ወጡ። ለዚያ ያበቃቸውም ከድንጋዩ ይልቅ የሰውና የገቢ እጦት ነው። የጎንደሩ ዝምድና ደግሞ ብዙ ሰው ከሚገምተው በጣም ያነሰ ነው። ረጅሙን ማንበብ የሚፈልግ ይቀጥል። ዓመቶቹም ወሮቹም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስለ ምሽግ ሲወራ ሁሉም ከድንጋዩ ይጀምራል። እኔ ከመንገዱ ልጀምር። የሶርያን የባሕር ዳርቻ ከመሀል አገሩ የሚለዩ ተራሮች አሉ። በሰሜን በኩል የአንሳሪያ ተራሮች፣ በደቡብ በኩል የሊባኖስ ተራሮች። በሁለቱ መሀል ሰፊ ክፍተት አለ። ከሆምስ ከተማ ተነስቶ ወደ ትሪፖሊ ወይም ወደ ታርቱስ ወደብ የሚወርድ ነጋዴም ሆነ ሠራዊት በዚያ ነው የሚያልፈው። (ትሪፖሊ ስል የሊባኖሷን ነው፤ የሊቢያዋ ሌላ ናት።) ግንቡ ከሆምስ በስተምዕራብ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ 650 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው ኮረብታ ላይ ተቀምጦ ይህን መተላለፊያ ቁልቁል ይመለከታል። ከሥሩ ቡቃይዓ የሚባል ለም ሜዳ ተዘርግቷል። ሜዳውን ልብ ይበሉልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ቦታውን መጀመሪያ የመሸጉት መስቀል ጦረኞች (ኢየሩሳሌምን ለመያዝ ከአውሮፓ የዘመቱት ክርስቲያኖች) አይደሉም። በ1031 የአሌፖው አሚር ናስር መንገዱን እንዲጠብቁለት የኩርድ ወታደሮችን እዚህ አሰፈረ። ዓረቦቹም «ሒስን አል አክራድ»፣ የኩርዶች ምሽግ አሉት። ያኔ የነበረው ምሽግ ዛሬ ከምናየው ጋር የሚወዳደር አልነበረም። ፈረንጆቹ ለመጀመሪያ ጊዜ የደረሱበት በ1099 ነው፤ የመጀመሪያው የመስቀል ጦርነት ሠራዊት ወደ ኢየሩሳሌም ሲያመራ። የአካባቢው ገበሬ ከብቱን እየነዳ ምሽጉ ውስጥ ገብቶ ነበር። የቱሉዙ ሬይሞንድ ሰዎች ማጥቃት ሲጀምሩ ተከላካዮቹ አንድ ብልሃት ዘየዱ። በሩን ከፍተው ከብቱን ለቀቁት። የተራበው ሠራዊት ሰልፉን ጥሎ ከብት ሲያሳድድ ተበተነ። በዚያ መሀል ከምሽጉ የወጡት ወታደሮች ሬይሞንድን ራሱን ሊማርኩት ለጥቂት ነው የተረፈው። በማግስቱ ተናዶ ሲመለስ ግን ምሽጉ ባዶ ነበር፤ ሰዉ በሌሊት ጥሎ ሄዷል። ሬይሞንድም ብዙ ሳይቆይ መንገዱን ቀጠለ። በቋሚነት የያዘው ሌላ ሰው ነው፤ አንጾኪያን ያስተዳድር የነበረው ታንክሬድ፣ በ1110።

ቀጥሎ ቦታው በትሪፖሊ መሳፍንት እጅ ገባ። ችግሩ ምሽግ ማስተዳደር ገንዘብ ይበላል። ወታደር ደመወዝ ይፈልጋል፣ ፈረስ ገብስ ይፈልጋል፣ ግንብ በየጊዜው ጥገና ይፈልጋል። በምሥራቅ በኩል ደግሞ የሙስሊሞቹ ኃይል እየበረታ ነበር። የትሪፖሊው ሁለተኛ ሬይሞንድ በ1142 አንድ ውሳኔ ወሰነ። ምሽጉን ከነዙሪያ መሬቱ ለሆስፒታለሮች ሰጠ።

ሆስፒታለሮች እነማን ናቸው? ሲጀምሩ ኢየሩሳሌም ውስጥ የታመሙ ተሳላሚዎችን የሚያስታምሙ የቅዱስ ዮሐንስ ማኅበር አባላት ነበሩ። ቀስ በቀስ መንገደኛ ማጀብ፣ ከዚያም ምሽግ መያዝ ጀመሩ። የምንኩስና ቃል ኪዳን የገቡ፣ ግን ሰይፍ የታጠቁ ሰዎች ናቸው። ከቴምፕላሮች ጋር የሚያምታታቸው ሰው ብዙ ነው፤ ሁለቱ የተለያዩ፣ አንዳንዴም የሚናቆሩ ማኅበሮች ናቸው። ለእኛ ጉዳይ የሚያስፈልገው ነገር አንድ ነው፦ በመላው አውሮፓ ርስት ነበራቸው። ፈረንሳይ ውስጥ የተሰበሰበ የመሬት ገቢ ሶርያ ውስጥ ድንጋይ ይሆናል። አንድ መስፍን ብቻውን የማይችለውን እነሱ ይችሉታል።

አሠራሩን ስንመለከት ዋናዋ ግንበኛ መሬት መንቀጥቀጥ ናት ብል ማጋነን አይሆንም። በ1170 ከባድ ርዕደ መሬት አካባቢውን መታው፤ ግንቡም ክፉኛ ተጎዳ። ዛሬ ውስጠኛው ቅጥር የምንለው በአብዛኛው ከዚያ በኋላ የተሠራ ነው። መሀሉ ላይ ግቢ አለ፤ በዙሪያው ግድግዳውን የተደገፉ ቅስት ጣሪያ ያላቸው ክፍሎች፤ ከላይ ማማዎች። የጸሎት ቤቱም የዚያ ዘመን ሥራ ነው። በ1202 ሌላ መሬት መንቀጥቀጥ መጣ። ከሱ በኋላ በነበሩት አሥርት ዓመታት ውስጥ ሆስፒታለሮቹ ውስጠኛውን ከማጠናከር አልፈው ሙሉውን በአዲስ ውጪኛ ቅጥር ከበቡት። ስለዚህ ያ አንዱ በአንዱ ውስጥ የተቀመጠ ቅርፅ በአንድ ቀን በአንድ ወረቀት ላይ የተነደፈ አይደለም። ከመቶ ዓመት ያላነሰ መገንባት፣ መፍረስና መጨመር ውጤት ነው።

ታዲያ ሁለት ቅጥር ምን ይጠቅማል? ብዙ ሰው «ሁለት ግድግዳ ከአንድ ይሻላል» ብሎ ያልፈዋል። ነገሩ ግን የቁጥር ሳይሆን የከፍታ ነው። ውጪኛው ቅጥር ዝቅ ያለ ነው። ውስጠኛው ከበላዩ ገዝፎ ቆሟል። ስለዚህ ውስጥ ያለው ቀስተኛ በውጪኛው ላይ በቆመው ወገኑ አናት ላይ አሳልፎ ጠላትን መምታት ይችላል። በአንድ ጊዜ ሁለት ረድፍ ይተኩሳል ማለት ነው። ጠላት ታግሎ ውጪኛውን ቢይዝ እንኳ ገና ምኑም አልተያዘም። በሁለቱ ግድግዳዎች መሀል ባለው ጠባብ ቦታ ላይ ይቆማል። መሸሸጊያ የለው፣ ትልልቅ መሣሪያ ማስገቢያ ስፋት የለው፣ ከላይ ቀስትና ድንጋይ ይወርድበታል።

እዚያ ከደረሰ በኋላ ፊቱ ላይ የሚያየው ደግሞ ይበልጥ ተስፋ ያስቆርጣል። የውስጠኛው ግንብ ምዕራብና ደቡብ ጎን ከታች ቀጥ ብሎ አይነሳም። እንደ ተራራ ጎን ያዘነበለ ግዙፍ የጥርብ ድንጋይ ክምር አለው። ከሩቅ ሲታይ ማማዎቹ ከሱ ውስጥ የበቀሉ ይመስላሉ። ይህ ተዳፋት በርካታ ሥራ ይሠራል። ከሥር ቆፍሮ ግድግዳ መጣል ለሚፈልግ ጠላት ቁፋሮውን እጅግ ያረዝምበታል። መሰላል ለማቆም አይመችም። ከላይ የተለቀቀ ድንጋይ ሲመታው ወደ ፊት ተንሸራቶ በአጥቂው መሀል ይገባል። መሬት ሲንቀጠቀጥም ግድግዳውን ደግፎ ይይዛል። ለዚያ አካባቢ የመጨረሻው ጥቅም ከሌሎቹ የሚያንስ አይመስለኝም።

አሁን ወደ መግቢያው እንሂድ። ከመላው ግንብ እኔን በጣም የሚያስደንቀኝ ክፍል ይህ ነው። ዋናው በር በምሥራቅ በኩል ነው። በበሩ ሲገቡ ወዲያው ግቢ አያገኙም። ጣሪያው በድንጋይ ቅስት የተሸፈነ፣ ሽቅብ የሚወጣ ጨለም ያለ መተላለፊያ ውስጥ ነው የሚገቡት። ርዝመቱ ከመቶ ሜትር በላይ ነው። የተወሰነ ከሄዱ በኋላ መንገዱ ድንገት ወደ ኋላ ይታጠፋል። ይህ መታጠፊያ በሩጫ የሚመጣን ሠራዊት ይሰብራል። ግንድ ተሸክሞ በር የሚደበድብ ቡድን እዚያ ጋ መዞር አይችልም። ከጣሪያው ላይ ደግሞ ቀዳዳዎች አሉ፤ በነሱ በኩል ድንጋይም ቀስትም ይወርዳል። በየመሀሉ በሮች ነበሩ፤ ከላይ ወርዶ የሚዘጋ ፍርግርግም ነበር። ጨለማና ብርሃን እየተፈራረቁ ስለሚመጡ የገባው ሰው ዓይን ግራ ይጋባል። ፈረስ ግን ሳይቸገር ይወጣዋል፤ ደረጃዎቹ ሰፊና ዝቅ ያሉ ናቸው። ለባለቤቱ ምቹ፣ ለጠላት ሲኦል። ጥሩ ንድፍ ማለት ይሄ ነው።

በውጪኛው ቅጥር አናት ላይ ወደ ውጭ ወጣ ያሉ ሣጥን የሚመስሉ ትናንሽ የድንጋይ ክፍሎች ይታያሉ። ወለላቸው ክፍት ነው። ግድግዳው ሥር የተለጠፈን ጠላት ከራሱ በላይ ሆኖ ለመምታት ነው የተሠሩት። ከማማዎቹ ብዙዎቹ ክብ ናቸው። ክብ ማማ በድንጋይ ወርዋሪ መሣሪያ ሲመታ ከአራት ማዕዘኑ ይሻላል፤ የሚሸረፍ ማዕዘን የለውም፣ ጠባቂውም ዙሪያውን ያያል።

ስለ ውሃና ስለ እህል ሳልናገር ባልፍ ትክክል አይሆንም። ተራራ ላይ ያለ ምሽግ ጠላቱ ጥም ነው። እዚህ በደቡብ በኩል፣ በሁለቱ ቅጥሮች መሀል፣ ሰፊ የውሃ ማጠራቀሚያ አለ። ከጎረቤት ከፍታ በቦይ የመጣ ውሃና ዝናብ ይሞላዋል። ፈረስም ከብትም ይጠጣበታል፤ ጠላት ሲመጣ ደግሞ የተዳፋቱን ሥር የሚከላከል ኩሬ ይሆናል። በውስጠኛው ግንብ ምዕራባዊ ጎን 120 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ጠመዝማዛ አዳራሽ አለ። እዚያ የዳቦ ምድጃ፣ የውሃ ጉድጓድ፣ የመጋዘን ቦታ እና በተርታ የተሠሩ መጸዳጃ ቤቶች አሉ። ለአምስት ዓመት የሚበቃ ስንቅ ይይዝ ነበር ይባላል። አምስት ዓመት የሚለው ትንሽ የተጋነነ ይመስለኛል፤ ቦታው ግን በእርግጥ ሰፊ ነው። በ1212 የጎበኘው ጀርመናዊው ቄስ ዊልብራንድ የጠባቂውን ቁጥር 2000 ያደርሰዋል። ከነዚህ ውስጥ ቃል ኪዳን የገቡት የማኅበሩ ተዋጊዎች ጥቂቶች ነበሩ። ሌላው ተቀጣሪ ወታደር፣ የአካባቢው ክርስቲያን፣ አናጢ፣ ጋጋሪ፣ ፈረስ ጠባቂ ነው።

ድንጋይ ብቻ እንዳይመስልዎት ደግሞ፣ ውስጠኛው ግቢ ውስጥ አንድ ስስ የሆነ ሥራ አለ። የትልቁ አዳራሽ ፊት ለፊት በጎቲክ ስልት የተጠረበ በረንዳ ነው። ቀጫጭን ምሰሶዎችና እንደ ዳንቴል የተፈለፈሉ መስኮቶች አሉት። በወቅቱ ፈረንሳይ ውስጥ የነበረው ስልት እንዳለ ወደዚህ መጥቷል። እዚያ በላቲን የተቀረጸ ግጥም አለ። ሀብትም ጥበብም መልክም ይኑርህ፤ ትዕቢት ብቻውን ከመጣባቸው ግን ሁሉንም ያረክሳቸዋል ይላል። በነገራችን ላይ ይህ የተጻፈው ድህነትን ቃል ለገቡ፣ ግን የአገሩን መሳፍንት በሀብት ለበለጡ ሰዎች ነው።

የግንቡ ገናና ዘመን ከ12ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ እስከ 13ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ነው። በ1163 የሶርያው ሙስሊም ገዥ ኑረዲን ከግንቡ ሥር ቡቃይዓ ሜዳ ላይ ሰፍሮ ሳለ ፈረንጆቹ ድንገት ደርሰውበት ሠራዊቱ ተበተነ፤ እሱም በጭንቅ አመለጠ። በ1188 ደግሞ የግብጽና የሶርያ ሱልጣን ሳላሃዲን ራሱ መጣ። ከዓመት በፊት በሒጢን ጦርነት የመስቀል ጦረኞቹን ሠራዊት ደምስሶ፣ ኢየሩሳሌምን ይዞ፣ ምሽጎችን በተራ እየለቀመ ነበር። ክራክን አይቶ ግን ጊዜውን ሊያባክንበት አልፈለገም። አልፎት ሄደ። «የማይደፈር» የሚለው ስም የተያዘው ከእንዲህ ያለው ታሪክ ነው። በ1218 የጎበኘው የሃንጋሪው ንጉሥ ሁለተኛ አንድራሽም የክርስቲያኖች ምድር ቁልፍ ብሎ አሞካሽቶ ለጥገና የሚሆን ገቢ መደበለት።

አሁን ወደ ሜዳው እንመለስ። ምሽግ የሚኖረው ከዙሪያው ነው። ገበሬው ያርሳል፣ ግብር ይከፍላል፣ ጉልበት ያዋጣል። ጎረቤቶቹም ፈርተው ይገብራሉ፤ በተራሮቹ ላይ ምሽግ የነበራቸው ኢስማኢሊዎች (የሺዓ እስልምና አንድ ወገን) እንኳ ለሆስፒታለሮች ይገብሩ ነበር። ባይባርስ ይህን ሁሉ ጠንቅቆ ያውቃል። በ1260 የግብጽና የሶርያ የማምሉክ (ከባሪያ ወታደርነት ተነስተው የነገሡ ገዥዎች) ሱልጣን ከሆነ ጀምሮ ግንቡን ከመንካቱ በፊት ዙሪያውን መብላት ጀመረ። የኢስማኢሊዎቹን ግብር ወደራሱ አዞረ። ሠራዊቱ በየጊዜው ሰብሉን አቃጠለ፣ ከብቱን ነዳ። በ1268 አንጾኪያን ያዘ። በዚያው ዓመት የሆስፒታለሮቹ አለቃ ሁግ ሬቬል ምሬቱን ጻፈ። ቀድሞ 10,000 ያህል ሰው ይኖርበት የነበረ አካባቢ ባዶ ቀርቷል፣ በመላው ምሥራቅ የቀሩን የማኅበሩ ወንድሞች 300 ብቻ ናቸው አለ። እንግዲህ ያን ሁሉ ማማና ግድግዳ በማን ታስጠብቀዋለህ? ለ2000 ሰው የተሠራ ግንብ በጥቂት መቶ ሰው ሲጠበቅ ርዝመቱ ራሱ ዕዳ ይሆናል።

የመጨረሻው መሰናክል አውሮፓ ነበረች። የፈረንሳዩ ንጉሥ ዘጠነኛ ሉዊ ሌላ ዘመቻ ጀምሮ ነበር። በነሐሴ 1270 ግን ቱኒስ ላይ በበሽታ ሞተ። ባይባርስ ከጀርባው የሚመጣበት እንደሌለ ሲያውቅ በቀጣዩ ዓመት መጀመሪያ ከደማስቆ ተነሳ።

መጋቢት 3 ቀን 1271 ግንቡ ሥር ደረሰ። መጀመሪያ ያገደው ዝናብ ነው። ጭቃው ትልልቆቹን ድንጋይ ወርዋሪዎች ለቀናት አላስጠጋ አለ። ከዚያ ከበባው ደረጃ በደረጃ ሄደ። በቅድሚያ ከግንቡ ውጭ ያለውን የመጀመሪያ መከላከያ ያዙ። መጋቢት 21 ከደቡቡ ጎን ፊት የነበረውን ባለ ሦስት ማዕዘን መከላከያ ወሰዱ።

ለምን ደቡብ? ቦታውን ከላይ ሲያዩት ግልጽ ነው። ኮረብታው በሌሎቹ ጎኖች ቁልቁል ይወርዳል። በደቡብ ግን ከተራራው ጋር የሚያገናኘው አንገት አለ። መሬቱ እዚያ ጋ ጠፍጣፋ ነው፤ መሣሪያ ይተከልበታል፣ ጉድጓድ ይቆፈርበታል። ግንበኞቹም ይህን ስለሚያውቁ ነው ወፍራሞቹን ማማዎች፣ ተዳፋቱንና ኩሬውን ሁሉ በዚያ በኩል የደረደሩት። ባይባርስ ሌላ አማራጭ አልነበረውም፤ እነሱም ከየት እንደሚመጣ ቀድሞ ያውቁ ነበር።

የባይባርስ ቆፋሪዎች የውጪኛውን ቅጥር ደቡብ ምዕራብ ማማ መረጡ። አሠራሩ እንዲህ ነው። ከመሠረቱ ሥር ዋሻ ይቆፈራል፤ እንዳይደረመስ በእንጨት ይደገፋል። ጊዜው ሲደርስ እንጨቱ በእሳት ይያያዛል። ድጋፉ ሲቃጠል ማማው ወደ ባዶው ይወርዳል። መጋቢት 29 ቀን ማማው ተደረመሰ፤ ሠራዊቱ በስንጥቁ ገባ። በሁለቱ ቅጥሮች መሀል ገበሬዎች ተጠልለው ነበር። ማኅበርተኞቹ ወደ ውስጠኛው ግንብ ሸሹ።

እዚህ ላይ ግንቡ በትክክል የተሠራለትን ሥራ ሠራ። አጥቂው ያ ግዙፍ ተዳፋት ፊቱ ተደቀነበት። ውስጠኛውን ለመስበር ቢሞክር ብዙ ሰው ያልቅበታል፣ ብዙ ወርም ይፈጅበታል። ግንቡንም ለራሱ ይፈልገዋል፤ ባፈረሰው ቁጥር መልሶ የሚጠግነው እሱ ነው። ወደ አሥር ቀን ገደማ ነገሩ ረገብ አለ። ከዚያ ለተከላካዮቹ አንድ ደብዳቤ ደረሳቸው። ትሪፖሊ ካለው አለቃቸው የመጣ ነው ተባለ፤ እጅ እንዲሰጡ የሚፈቅድ። ደብዳቤው የተጭበረበረ ነበር። ሚያዝያ 8 ቀን 1271 በሩን ከፈቱ። ባይባርስ ነፍሳቸውን ማረ፤ ወደ ትሪፖሊ ሄዱ።

ተታለሉ ወይ? ብዙ ታሪክ ጸሐፊ ደብዳቤውን ዋናው ነገር አድርጎ ይተርከዋል። እኔ ግን ሐሰተኛ መሆኑን ሳይጠረጥሩ ቀሩ ለማለት ይከብደኛል። ከውጭ ደራሽ እንደማይመጣ ያውቃሉ። ውጪኛው ቅጥር ሄዷል። ደብዳቤው ምናልባት በክብር ለመውጣት የሚፈልጉትን ሰበብ ሰጣቸው። ይህ የኔ ግምት ነው፤ ባይስማሙበት አልቀየምም።

ከዚያ በኋላ የማምሉኮቹ ተራ ሆነ። ባይባርስ የፈረሰውን ጥግ አስጠግኖ ስሙን በዓረብኛ አስቀረጸ። የጸሎት ቤቱ መስጊድ ሆነ፤ ሚህራብ (የጸሎት አቅጣጫ የሚያሳይ የግድግዳ ጎድጓዳ) እና ሚንበር (የሰባኪው መድረክ) ተሠራለት። ዛሬ ሲገቡ የክርስቲያኖቹን ቅስት ጣሪያና የሙስሊሞቹን ሚንበር አንድ ክፍል ውስጥ ያገኛሉ። በ1285 ደግሞ ሱልጣን ቃላውን በደቡቡ ቅጥር መሀል ትልቅ አራት ማዕዘን ማማ አሠራ። ስለዚህ «የመስቀል ጦረኞች ግንብ» የሚለው ግማሽ እውነት ነው። በጥቃት የተጎዳው የደቡብ ፊት ላይ ዛሬ ከምናየው ብዙው የማምሉክ እጅ ነው። ምሽጉም ትሪፖሊን ለማጥቃት መነሻ ሆነ፤ ከተማዋ በ1289 ወደቀች።

ለእኛ አገር አንባቢ የሚጥም አንድ ነገር እዚህ ጋ አለ። ባይባርስ ክራክን ሲከብ ይኩኖ አምላክ ዙፋን ከያዘ ገና አንድ ዓመት ቢሞላው ነው። በ1274 ገደማ ይኩኖ አምላክ በየመን ሱልጣን በኩል ለዚሁ ለባይባርስ ደብዳቤ ላከ። የጠየቀው ጳጳስ ነው። ጳጳሱን የሚሾመው የእስክንድርያው ፓትርያርክ ቢሆንም ፓትርያርኩ ያለው በሱልጣኑ ግዛት ነው፤ ያለ ሱልጣኑ ፈቃድ የሚንቀሳቀስ ነገር የለም። ልጁ ይግባ ጽዮንም በበኩሉ ወደ ቃላውን ጽፏል። ሁለቱ ነገሥታት የለመኗቸው ሁለቱ ሱልጣኖች ክራክ ግድግዳ ላይ እጃቸውን ያሳረፉት ናቸው።

ከቪዲዮዎች የማይጠፋ አንድ ወሬ ደግሞ ላርም። የእንግሊዙ ቀዳማዊ ኤድዋርድ ክራክን አይቶ ዌልስ ውስጥ ያሉትን ድርብ ቅጥሮች ቀዳ ይባላል። ኤድዋርድ የመስቀል ጦረኞቹ ይዞታ የነበረችው አካ ወደብ የደረሰው በግንቦት 1271 ነው፤ ክራክ ከተያዘ ከአንድ ወር በኋላ። ወሬውን ሰምቶ ሊሆን ይችላል። ጎብኝቶ ቀዳ ማለት ግን አይሄድም።

የኋለኛውን ዘመን ባጭሩ። ምሽጉ የጦር ጥቅሙ ሲቀንስ ሰዎች ቤት እየሠሩ ውስጡ ገቡና መንደር ሆነ። በ1909 የኦክስፎርድ ተማሪ የነበረው ቲ. ኢ. ሎውረንስ በእግሩ እየዞረ ካጠናቸው ግንቦች አንዱ ይህ ነው። ፈረንሳይ ሶርያን ስታስተዳድር ፖል ዴሾ በ1920ዎቹ መጨረሻ ሕንፃውን አጠና። ነዋሪዎቹም በ1933 ከግንቡ ወጥተው ከሥር ባለው መንደር ሰፈሩ። በ2006 ዩኔስኮ መዘገበው። በእርስ በርስ ጦርነቱ እንደገና ምሽግ ሆነ፤ በ2012 በመድፍ፣ በ2013 ከአየር ተመታ፤ በመጋቢት 2014 የመንግሥት ጦር ያዘው። ጉዳት ደርሶበታል፤ ያም ሆኖ አልወደቀም።

በመጨረሻ ጎንደር። የፋሲል ግንብ የ17ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ ከክራክ ወደ 400 ዓመት ያህል ይርቃል። ዓላማውም ሌላ ነው። ፋሲል ግቢ ቤተ መንግሥት ነው፦ የግብር አዳራሽ፣ መኖሪያ፣ ሰገነት። ማማዎቹና የግድግዳው አናት ምሽግ ያስመስሉታል እንጂ ከሥር ቁፋሮ የሚከላከል ተዳፋት የለውም፤ የታጠፈ መግቢያም የለውም። በኮረብታ ላይ ያለ የእኛን ግንብ ማየት ከፈለጉ እንፍራዝ አጠገብ ያለው ጉዛራ ይቀርባል። ጣና ሐይቅን ቁልቁል ያያል፤ የአፄ ሠርፀ ድንግል ነው ይባላል። እሱም ቢሆን ከጦር ይልቅ ለመኖሪያ የታሰበ ነው።

የክራክን ሥራ በእኛ አገር የሚሠራው ግንብ ሳይሆን አምባ ነው። ገደሉ ግድግዳ፣ አንድ ቀጭን መውጫ በር፣ ከላይ እርሻና ውሃ። ለምሳሌ አምባ ግሸን የነገሥታቱ ልጆች የሚጠበቁበት ሆኖ ኖረ። የኢማም አሕመድ ሠራዊት ደጋግሞ ሞክሮ ተመልሷል፤ በስተመጨረሻ ግን ያዘው። ሁለቱን ማወዳደር ከፈለጉ ከፋሲል ግቢ ይልቅ በአምባዎቹ ይጀምሩ። መጀመሪያ የሚጠይቁትም ያው ይሁን፦ ደካማው አንገት በየት በኩል ነው? ከላይ ያሉትን ሰዎችስ ማን ያበላቸዋል?